ዲክሽነሪውና የማቀዝቀዣው በር

በወተት ፋብሪካው ውስጥ ሰውየውን በስሙ የምትጠራው ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ነበረች። ለሌላው ሁሉ «ዲክሽነሪው» ነው። ስሙን ያወጡለት ጫኝና አውራጆች ሊያሽሟጥጡት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለው። እንዲያውም አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረ ሹፌር በትክክለኛ ስሙ ቢጠራው ቅር ብሎት ዋለ።

ሥራው የስርጭት ክፍል አስተባባሪነት ነው። የትኛው መኪና ስንት ሣጥን ወተት ጭኖ ወደየትኛው ሱቅ እንደሚሄድ ይወስናል፤ ይህንንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሳምሮ ይሠራ ነበር። ጣጣው የመጣው ሥራ አስኪያጁ ከውጭ አገር ሥልጠና የተመለሰ ዕለት ነው። ሥራ አስኪያጁ የሄደው ለሁለት ሳምንት ነበር፤ የተመለሰው ግን ተወልዶ ያደገው እዚያ እንደሆነ ሰው ሆኖ ነው። ትከሻውን ይሰብቃል፣ ቃል የጠፋው ሲመስል ጣቱን ያጮሃል፣ ለሰላምታ እንኳ የአገሩን ቋንቋ ፈልጎ የሚያገኘው ተቸግሮ ነው። በመጣ በማግሥቱ የክፍል ኃላፊዎችን ሰብስቦ አዲስ ደንብ አወጣ።

ከእንግዲህ የሰኞው ስብሰባ በእንግሊዝኛ ብቻ ይካሄዳል። በአገሩ ቋንቋ አፉን የከፈተ ሰው ስብሰባው እስኪያልቅ ቆሞ ይቆያል። በአገር ቋንቋ የተባለ ነገር ደግሞ እንዳልተባለ ይቆጠራል። በተጨማሪም እያንዳንዱ ኃላፊ በየሳምንቱ አንድ አዲስ የሥራ ቃል ይዞ መጥቶ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ያሳያል፤ ይጨበጨብለታል።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም የውጭ ሰው አልነበረም። ከወተቱ ገዢዎችም አንድ የውጭ ሰው የለም፤ ላሞቹም ቢሆኑ የዚያው አገር ላሞች ናቸው። የሂሳብ ክፍሏ ኃላፊ «ታዲያ ለማን ብለን ነው?» ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው በአገሯ ቋንቋ ስለነበረ እንድትቆም ተደረገ፤ ጥያቄዋም እንዳልተጠየቀ ተቆጠረ።

በመጀመሪያው ሰኞ የተሰብሳቢው እኩሌታ ቆሞ ዋለ። በሁለተኛው ሰኞ ሰው ብልሃቱ ገባውና አፉን ለጎመ። ስብሰባው ያጥር ጀመር፤ ሥራ አስኪያጁም ይህንን አይቶ ደንቡ ውጤት እያመጣ ነው አለ። ዲክሽነሪው ግን ከዚህ ሁሉ መሐል ሌላ ነገር አየ። የኦፕሬሽን ኃላፊው ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ለዚያ ወንበር ሰው እመርጣለሁ ብሏል። የሚመርጠው ከማን መካከል እንደሆነ መገመት አያቅትም፤ ቁጭ ብለው ከሚናገሩት ነው።

ስለዚህ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ወፍራም መጽሐፍ ገዛ። ቃላቱን በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ ይለጥፍ ጀመር። ጥርሱን እየፋቀ «ሲነርጂ» ይላል፣ ጢሙን እየተላጨ «ሆሊስቲክ» ይላል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰው ልብስ ስትለካ እንኳ ከመታጠቢያ ቤት «ፕሮአክቲቭ! ፕሮአክቲቭ!» የሚል ድምፅ እየሰማች ደንበኞቿ ፊት ትሳቀቃለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችው አንድ ጠዋት፤ ፊቷን ልታይ ብትል መስታወቱ በወረቀት ተሸፍኖባት።

«ስቴክሆልደር።»

«ምን ማለት ነው?»

«እ... ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው።»

«እንግዲያው ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው አትልም? ይልቅ መልኬን የማይበት ቦታ ልቀቅልኝ።»

ሳቀባት። ሚስቱ አይገባትም፤ ማደግ የማይፈልግ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው ብሎ አሰበ። ያ ወፍራም መጽሐፍ ግን እንግዳ መጽሐፍ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ቢገለጥ «በሩ አልዘጋ አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር የለበትም። «ቧንቧው ያፈሳል» አይልም፣ «ቁልፉን ማን ወሰደው» አይልም። ወንበር ላይ ለሚቀመጥ እንጂ በእጁ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ አልነበረም። ዲክሽነሪው ይህ ጉድለት አልታየውም፤ ቢታየውም የበር ነገር ምን ያደርግለታል?

በሰኞው ስብሰባ ላይ ኮከብ ሆነ። ሌላው አንድ ቃል ይዞ ሲመጣ እሱ ሦስት ይዞ ይመጣል። የሚለው ነገር ምን እንደሆነ በትክክል የገባው ሰው አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጁም ጭምር፣ እያደር እንደታወቀው፣ አይገባውም ነበር። ግን ያልገባው መምሰል ማን ይፈልጋል? ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ይጨበጨባል። ተፎካካሪው የጥራት ቁጥጥር ኃላፊዋ ብቻ ነበረች። ወጣት ናት፣ በትምህርቷ ጎበዝ ናት፣ ሰው ሲሳሳት ደግሞ ከንፈሯን በአንድ በኩል ከፍ አድርጋ ፈገግ ትላለች። ያቺን ፈገግታ ዲክሽነሪው ከሰይጣን አብልጦ ይፈራታል።

ከአጠገቡ የሚቀመጠው፣ ወይም በትክክል ለመናገር ከአጠገቡ የሚቆመው፣ የማቀዝቀዣው ቴክኒሻን ነው። ቴክኒሻኑ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ዲክሽነሪውን ከዓመታት በፊት በልመናም በጭቅጭቅም ፋብሪካው ያስገባው እሱ ነው። ባለጌ ባይባልም አፉ የማያርፍ፣ ነገር ካነሣ የማይተው፣ ሲናደድ ጆሮው የሚቀላ ሰው ነው። «እኔ እንግሊዝኛ የምማርበት ዕድሜ አልፎኛል፤ እግሬ ግን ገና ጠንካራ ነው» ብሎ ስብሰባው ሲጀመር ሳይታዘዝ ይቆማል።

አንድ ሰኞ ቴክኒሻኑ ስለ ትልቁ የማቀዝቀዣ ክፍል ተናገረ። የበሩ ጎማ ተቀዷል። በሩ ተዘጋ ተብሎ እንኳ በቀዳዳው ሙቀት ይገባል፤ ሙቀት ስለሚገባ ኮምፕሬሰሩ ሌት ተቀን ያለ እረፍት ይሠራል፤ እንዲህ ከቀጠለ ይቃጠላል። ጎማው ከውጭ የሚታዘዝ ስለሆነ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ያስፈልገዋል። ይህ ነው ነገሩ። ሕፃን ልጅ የሚገባው ነገር ነው፤ የተባለው ግን በአገር ቋንቋ ነበር።

«ኢንግሊሽ፣ ፕሊስ» አለ ሥራ አስኪያጁ ጣቱን እያጮኸ።

«ዶር...» አለ ቴክኒሻኑ። እጁን ዘርግቶ በር ዘጋ፣ ከፈተ። «ዶር፣ ኖ ጉድ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁም ሳቀና ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፈ።

በሚቀጥለው ሰኞ ቴክኒሻኑ ያንኑ ተናገረ፤ ያው ሳቅ ተሳቀ። በሦስተኛው ሰኞ ግን ቴክኒሻኑ አልተናገረም፤ ጎንበስ ብሎ የእህቱን ባል ትከሻ ያዘ።

«እስቲ አንተ በልልኝ፤ ቋንቋው አለህ አይደል? ጎማው ተቀዷል፣ ማሽኑ ሊቃጠል ነው በላቸው። ሌላ ምንም አልጨምርም።»

ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት እጁን ዘረጋ፤ ቀጥል ማለቱ ነው። ዲክሽነሪው ጉሮሮውን ጠረገ። የበርን እንግሊዝኛ ያውቃል። ማሽንም ያውቃል። ጎማውን ግን ምን ይበለው? የመኪና ጎማ የሚባልበትን ቃል ያውቀዋል፤ የበር ጎማ በዚያው ይጠራ እንደሆነ ግን አያውቅም። ቀና ሲል የጥራት ቁጥጥሯ ኃላፊ እያየችው ነው፤ ከንፈሯ ገና በቦታው ነው፤ አንድ ስህተት እየጠበቀ ነው እንጂ ከፍ ለማለት ዝግጁ ነው። የወሩ መጨረሻ ደግሞ ቀርቧል።

«ፕላስቲክ» ቢል በቂ ነበር። «ቀዳዳ አለ» ቢል በቂ ነበር። በአገሩ ቋንቋ ተናግሮ አንድ ሰዓት ቢቆም፣ እግሩ አይሰበር! እሱ ግን ደረቱን ነፋ አድርጎ የሥራ ባልደረባዬ የኢንፍራስትራክቸር ፐርስፔክቲቭ እያካፈለን ነው፤ ይህንን በሆሊስቲክ ፍሬምወርክ ብናየው ሲነርጂ ይፈጥራል አለ። በእንግሊዝኛ ሲባል በጣም ያምር ነበር። ተጨበጨበለት። ቴክኒሻኑም ከሁሉ አብልጦ አጨበጨበ።

«ተባረክ» አለው ሲወጡ። «ምን አሉ?»

«ተቀብለውታል።»

«ጎማው መቼ ይገዛል ታዲያ?»

«በሂደት ላይ ነው» አለ ዲክሽነሪው፤ ይህን ያለው በአገሩ ቋንቋ ነው፤ ግን የእንግሊዝኛው መንፈስ ውስጡ ገብቶ ነበር።

ቴክኒሻኑም አምኖ መጨቅጨቁን ተወ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ይዞ የተወው ያኔ ነው።

ኮምፕሬሰሩ የተቃጠለው እሑድ ዕለት ፋብሪካው ዝግ በነበረበት ነው። ሰኞ ጠዋት በሩ ሲከፈት የወጣው ሽታ እስከ ጥበቃው ቤት ደረሰ። ለሳምንት ስርጭት የተዘጋጀ ወተት በሙሉ ተበላሽቶ ነበር። ጫኝና አውራጆቹ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ሣጥን በሣጥን እያወጡ ወደ ፍሳሹ ሲደፉ ዋሉ። ዲክሽነሪው ከቢሮው መስኮት ሆኖ አያቸው። ወዲያው የትኛውን ሱቅ ምን ብሎ እንደሚያሳምን ማሰብ ጀመረ።

ባለቤቶቹ ጥፋተኛ አምጡ አሉ። ሥራ አስኪያጁም የምርመራ ስብሰባ ጠራ። የባለቤቶቹ ተወካይ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጡ፤ ሽበታም፣ ጸጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ስላሉ ስብሰባው የግድ በእንግሊዝኛ መሆን አለበት ተባለ፤ እሳቸውን ማንም አልጠየቃቸውም። ቴክኒሻኑ እንደ ልማዱ ቆሞ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ በሚያውቀው ቋንቋ ተናገረ።

«ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ በሦስተኛው አስነግሬያለሁ! እዚሁ ቆሜ! ሁላችሁም ሰምታችኋል!»

ሁሉም ሰምቷል። ሁሉም ግን ጠረጴዛውን ያያል። ምክንያቱም ሰምቻለሁ ያለ ሰው ታዲያ ምን አደረግህ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የሚጠየቀው ፊርማውን ያልፈረመው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሥራ አስኪያጁ በደንቡ መሠረት በእንግሊዝኛ የቀረበ ማስጠንቀቂያ እንዳልነበረ ካስረዳ በኋላ ወደ ዲክሽነሪው ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ያ ባዶ ወንበር ይታይ ነበር። ይህ ሰው የማቀዝቀዣውን ችግር በዚህ አዳራሽ አሳውቆ ያውቃል ወይ ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቀው።

ጥያቄው አጭር ነበር። መልሱም አጭር ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ቃል ነው። ያንን ቃል ዲክሽነሪው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በእንግሊዝኛም ያውቀዋል፤ መስታወት ላይ መለጠፍ አያስፈልገውም ነበር።

ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ። ከዚያም ከቪዚቢሊቲ ተነሥቶ፣ በስቴክሆልደር በኩል አልፎ፣ በኮሚዩኒኬሽን ቻናል ላይ ጥቂት አርፎ፣ ወደ አላይንመንት የደረሰ ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ለትንፋሽ እንኳ አላቆመም። እጁን አንዴ ወደ ሚስቱ ወንድም ዘረጋ፣ አንዴ ወደ ሽማግሌው፣ በመጨረሻም ልቡ ላይ አሳረፈ። እንግሊዝኛ የሚያውቁት አልነገረንም ማለቱ እንደሆነ ገባቸው። የጥራት ቁጥጥሯ ኃላፊ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሳትል ዓይኗን ሰበረች። ሥራ አስኪያጁ «ቬሪ ጉድ» አለ። ሽማግሌው ጻፍ ጻፍ አደረጉና የቴክኒሻኑ መባረር ወይም አለመባረር ሰኞ ይነገራል ተብሎ ተበተኑ።

ኮሪደሩ ላይ ቴክኒሻኑ ሮጦ ደረሰበት። ዲክሽነሪው ጥፊ የሚያርፍበት መስሎት አንገቱን ቀበረ። ሰውየው ግን አቀፈው።

«የእናት ልጅ አይበልጥህም!» አለው ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ሌላው ሁሉ አፉን ሲዘጋ አንተ ተነሥተህ ያንን ያህል ተከራከርክልኝ። ቋንቋው ባይገባኝ እጅህን አይቻለሁ። ላብህን አይቻለሁ።»

ዲክሽነሪው ከእቅፉ ወጥቶ ኮቱን አስተካከለ። «አይ... ምንም አይደል» አለ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ድረስ ያሳለፈው ኑሮ አይወራም። ሐሙስ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶ እጁን ጨብጦ «ኮንግራጁሌሽንስ» አለው፤ ወንበሩ የእሱ ነው፤ ሰኞ ከቴክኒሻኑ ውሳኔ ጋር አብሮ ይገለጻል። መደሰቱን ተደስቷል፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ግንባሩን ሳመችው። ወንድሟ ነግሯት ነው። የመስታወቱን ወረቀቶች ራሷ ስታስተካክል አገኛት፤ አንዱ ተላጦ ስለነበር በአዲስ ማጣበቂያ ለጥፋዋለች።

«ስቄብህ ነበር» አለችው። «ይኸው ለወንድሜ ደረሰለት። ይቅር በለኝ።»

ያን ጊዜ ቢነግራት ጥሩ ነበር። አፉን ከፈተ፣ ሲነርጂ የሚለውን አየ፣ ዘጋው።

ቅዳሜ አማቱ ምሳ ጠሩ። አማቱ ትንሽ፣ ቀጥ ያሉ፣ ጆሯቸው የሰላ አሮጊት ናቸው። ጠረጴዛው ራስ ላይ የሚያስቀምጡት የበኩር ልጃቸውን ነበር፤ ያን ዕለት ግን ዲክሽነሪውን አስቀመጡት። ቴክኒሻኑ ራሱ ወንበሩን ሳበለት። ሥጋው ሲታደል ትልቁ ቁራጭ ለእሱ ደረሰ፤ አልዋጥ አለው። ቴክኒሻኑ ያንን ንግግር ደግሞ ደጋግሞ ይተርካል፤ እንዴት እንደተነሣ፣ ኮቱን እንዴት እንደቆለፈ፣ ሽማግሌው እንዴት ዝም ብለው እንዳዳመጡት።

«ሰኞ ነጻ ነኝ፣ እማዬ። እንደዚያ ተብሎልኝ የሚያባርረኝ ካለ ሰው አይደለም።»

አሮጊቷ እጃቸውን በፎጣ አበሱና ወደ ልጃቸው ባል ዞሩ።

«እኔ እንግሊዝኛ አልሰማም። ግን ለልጄ የተባለለትን መስማት እፈልጋለሁ። እስቲ ያልከውን በእኛ ቋንቋ በልልኝ፣ ልጄ።»

«እማማ፣ ሲተረጎም እኮ ጣዕሙ ይጠፋል።»

«ይጥፋ። እኔ ጣዕም አልጠየቅኩህም።»

ሚስቱ በኩራት ተጠግታ ተቀመጠች። ቴክኒሻኑ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ዲክሽነሪው ውሃ ጠጣ።

«እንግዲህ ያልኩት... ከታይነት አንጻር...»

«የምን ታይነት? ማን ነው የታየው?»

«ሰው አይደለም፣ እማማ። ማለቴ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው አካላት... በመገናኛ መሥመሩ በኩል...»

«ስልክ ነው?» አሉ አሮጊቷ ከልባቸው ለመረዳት እየጣሩ።

«ስልክ አይደለም። የተናበበ... የተናበበ ነገር ስላልነበረ...»

ላቡ በጀርባው ወረደ። ያ ሁሉ ያማረ ነገር በአገሩ ቋንቋ ሲሆን አፉ ውስጥ እንደ አሸዋ ተበተነበት። አንዱን ቃል ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል፤ የያዘውም ሲታይ ባዶ ነው። የሚስቱ ፈገግታ ቀስ በቀስ እየከሰመ መሆኑን አየ። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ ሲያጥር ቶሎ ይታያታል።

«ልጄ፣ እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ» አሉ አማቱ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። «አታድክመኝ። ነግሮናል ነው ያልካቸው?»

መዋሸት ይችል ነበር። አዎ ብሎ ሥጋውን ቢጎርስ እስከ ሰኞ ድረስ ማንም አያውቅበትም፤ ሰኞም ቢሆን ሰዎቹ ጨካኞች ናቸው ብሎ ያልፋል። ግን ሁሉም በአንድ ላይ እያዩት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ያ ፋብሪካ ያስገባው ሰው፣ ተስፋ የሞላው ፊቱን ይዞ፣ አዎ የሚለውን ቃል እየጠበቀ ነው። ዲክሽነሪው አፈረ። ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ አፈረ።

«አይደለም» አለ።

«ታዲያ ምን አልክ?»

«አልነገረንም አልኩ።»

ሚስቱ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ራቅ አለች። አማቱ ፎጣውን አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቴክኒሻኑ በእጁ የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰና ዲክሽነሪውን ቀና ብሎ አየው። ጆሮው እንኳ አልቀላም።

«እንግሊዝኛው ግን ረዘም ይል ነበር» አለ።